ቀለህ ያበጠርኩበት ሰፌድ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ በጾም የቀመስኩትን ቅቤ ሳይቀር ተናዝዣለሁ። ይህን ግን ዋጥ አድርጌ ይዤው ኖርኩ። ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልገፋፋኝም።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ፍራንክፈርት ስገባ ያስጠጉኝ አደይ ለተብርሃን የሚባሉ ኤርትራዊት እናት ናቸው። ተምረው ያደጉት በአማርኛ ነው፤ የሚኖሩት ዞሰንሃይም በሚባል ሰፈር፣ ከልጃቸውና ከምራታቸው ከሳባ ጋር ነበር። ዘመዴ አይደሉም። ማደሪያ እንደሌለኝ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰምተው እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ሳባ ሳሎኑን ለቀቀችልኝ፣ ልብሷን አለበሰችኝ፣ ቴርሚን፣ የቢሮ ቀጠሮ፣ ባለኝ ቁጥር ሕፃን ልጇን ኖኤልን በጋሪ እየገፋች አብራኝ ትሄድ ነበር። ዛሬ ሰው ሆኜ የቆምኩት በእነሱ ነው። ታዲያ እኔ በምን መለስኩላቸው?

ሽቫንሃይም፣ ጫካው አጠገብ ባለ አንድ የተኩስ ክበብ የጽዳት ሥራ አገኘሁ። እዚያ ሄር ቤከር የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። ሰው ተኩሶ የጣለውን ቀለህ ይሰበስቡና ቤታቸው መልሰው ጥይት ያደርጉታል። ከዚያ በፊት ግን ቀለሁ በየዓይነቱ መለየት አለበት። ለዚህ ራሳቸው የሠሩት ነገር ነበራቸው፤ ታቻቸው የተበሳሳ የፕላስቲክ ሣጥኖች ተደራርበው፣ የላይኛው ቀዳዳ ሰፊ፣ የታችኛው ጠባብ። ሲነቀነቅ ወፍራሙ ከላይ ይቀራል፣ ቀጭኑ ይወርዳል። የብረቱን ደግሞ በክር ባንጠለጠሉት ማግኔት ይለቅሙታል። ችግሩ፣ ውፍረታቸው እኩል ሆኖ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም የሆኑት በአንድ ቀዳዳ አብረው መውረዳቸው ነው። ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እነዚያን በጣታቸው ሲለቅሙ ሳይ ሳቄ መጣ። ይሄማ የሰፌድ ሥራ ነው አልኩ።

የአደይ ለተብርሃንን ሰፌድ ሳላስፈቅድ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። እናታቸው ከረን የሰፉት፣ ከአገር ሲወጡ ከልብሳቸው መሀል ያስቀመጡት ሰፌድ ነው። ሳበጥረው ቀላሉ አጭር ቀለህ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ረጅሙ ወደ እኔ ይቀራል። ሄር ቤከር ሲመጡ ተለይቶ ሲጠብቃቸው ይደነቁ ነበር። ኮራሁ፤ በዚህ አገር እኔም የምችለው ነገር ተገኘ አልኩ። ስመለስ ሰፌዱን በጨርቅ ጠረግ አደርግና ቦታው እሰቅለዋለሁ። ወራት እንዲህ አደረግሁ። አደይ ለተብርሃን ምስራቸውን በዚያው ሰፌድ ይለቅማሉ። ኖኤል ጥርስ እያወጣ ነበርና ጠርዙን ያኝከዋል።

አንድ ቀን ሄር ቤከር ቀደም ብለው መጡና ሰፌዱን አዩት። ለምን እንደሚያገለግል ጠየቁኝ።

«ለምስር» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ። ቀለሁ ላይ ያለው ጥቀርሻ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት እንዳለ፣ መርዝ እንደሆነ አስረዱኝ። «ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?» አሉ። አለ አልኩ። ዛሬውኑ ለእናቱ ንገሪያት፣ ሐኪም ደሙን ይመርምርለት አሉኝ። እሺ አልኩ። አሁን ሳስበው እኒያ ሰውዬ ለማያውቁት ልጅ ከእኔ የበለጠ ደንግጠዋል።

ተናገርኩ? አልተናገርኩም። አውስቫይሴ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ገና አልመጣም፤ ብናገር ከቤት ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ። ሰፌዱን ጠቅልዬ ጓሮ ያለው የቆሻሻ ኮንቴይነር ውስጥ ጣልኩት። መርዙን ከቤት አወጣሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ልጁ አኝኮ የዋጠውስ? ያን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰፌዱ ሲጠፋ አደይ ለተብርሃን ጣታቸውን የቀሰሩት ሳባ ላይ ነው። አሮጌ ዕቃ አትወድም፣ የእናቴን ማስታወሻ ጣለችብኝ አሉ። ሳባ አልጣልኩም አላለችም። ዐቢይ ጾሙን በሙሉ አላናገሯትም። ለፋሲካ ጉልበታቸው ላይ ወድቃ «አደይ፣ ይቅር ይበሉኝ» ስትላቸው እኔ ኖኤልን አቅፌ ቆሜያለሁ። አፌን አልከፈትኩም። ለምን አልከፈትኩም? መኝታዬን ወድጄ ነው።

ከዓመታት በኋላ ወረቀቴ ተሰጥቶኝ ግሪስሃይም ቤት ስከራይ፣ ሳባ ዕቃ ልታግዘኝ መጣች። ሣህን ከጋዜጣ እየፈታች በእርጋታ፣ «ያኔ ሰፌዱን ስትጥዪ ከባልኮኑ አይቼሽ ነበር» አለችኝ።

ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት።

«አንቺ ብትወጪ የት ትገቢያለሽ? እኔን አያባርሩኝ፤ የልጅ ልጃቸው እናት ነኝ» አለች።

አልቅሼ አመሰገንኳት። እስከ ዛሬም አመሰግናታለሁ፤ እኅት ቢኖረኝ ከዚህ የበለጠ አታደርግልኝም። ቀጥላ ግን ለምን እንደጣልኩት ጠየቀችኝ። ያቺ ደቂቃ ለእኔ ተሰጥታኝ ነበር። እኔ ግን «ተቀዶብኝ ነው» አልኩ። ሳባ ስቃ ሣህኖቹን መደርደሯን ቀጠለች።

ኖኤል ዛሬ ትምህርት ቤት ነው፣ ይሮጣል፣ በአማርኛ ስናገረው በጀርመንኛ ይመልስልኛል። ደህና ይመስላል። በየጊዜው አየዋለሁ፤ አንዲት ቃል ሲረሳ ወይ ራሴን አመመኝ ሲል ያን ሰፌድ ሲያኝክ ይታየኛል። ደህና ከሆነም እግዚአብሔር ጠብቆት ነው፤ እኔ አልጠበቅሁትም። ልጅ ነበርኩ፣ ስደተኛ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር ልል እችላለሁ። ሁሉም እውነት ነው፣ ግን አንዱም ለሳባ ከመንገር አያግደኝም ነበር።

ሳባ፣ ይቅር ያልሽኝ ስለ ሰፌዱ ነው። ስለ ልጅሽ ደም ገና አልሰማሽም። ቅዳሜ ቤትሽ እመጣለሁ። ኖኤልንም አስቀምጪው፤ ልጅ ነው ብለሽ ወደ ውጭ አትላኪው። ሐኪም ዘንድ አብሬያችሁ እንድሄድ ከፈቀድሽልኝ፣ ያኔ አንቺ ወደየቴርሚኔ ትመሪኝ እንደነበረው ከፊት ከፊት እሄዳለሁ። ካልፈቀድሽም ከበር እመለሳለሁ፣ እያመሰገንኩሽ።