በልጅ ስም የሚጠሩ እናት

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ... ሲቀላ ሰፈር ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ የሰው መታወቂያ ኮፒ ሳደርግ የምህረት እናት ከጫኖ ቀበሌ በባጃጅ መጡ። ባለቤታቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ እንደ አገራችን ልማድ ሁሉም በመጀመሪያ ልጃቸው ስም ነው የሚጠራቸው። (ስሞቹንና ሰፈሩን ቀይሬያለሁ፤ «ጻፈው፣ ሌላ እናት ታንብበው» ያሉኝም እሳቸው ናቸው።)

«ልጄ፣ ጓዳህን አንድ ሰዓት ስጠኝ። በስልክ ከሐኪም ጋር አወራለሁ። ቤት ሰው አለ» አሉኝ።

የስልክ ሐኪም! እኔ ተጠራጣሪው በልቤ «አጭበርባሪ አግኝቷቸዋል» አልኩ። የጆሮ ማዳመጫ አዋስኳቸውና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ችግሩ... ማዳመጫው ስልኩ ውስጥ በደንብ አልገባም ነበር። የሚባለው ሁሉ ይሰማል። ተነስቼ መንገር ነበረብኝ። አልተነሳሁም። አሁንም አፍርበታለሁ።

ከአዲስ አበባ የምታነጋግራቸው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ናት። «ባለፈው የተነጋገርነውን ሞከሩት፣ እናቴ? በመረጠው ስም ጠሩት?»

«አልቻልኩም። ሴት ልጅ ብዬ ነው ያሳደግኩት። 'እማዬ፣ እኔ ወንድ ነኝ፣ ናቲ በይኝ' ሲለኝ ምን አደረግኩ? ለሰው 'ራሷን ያማታል' ብዬ ሽማግሌዎች ሰብስቤ አስጸለይኩ። እጅ ጫኑበት። ዝም ብሎ ተንበረከከ... በነጋታው ሄደ። አምስት ወር ሆነው፣ ስልክ አያነሳም።»

እጄ ማሽኑ ላይ ቀረ። ለእኛ የተነገረን «ምህረት አዲስ አበባ ሥራ አገኘች» ተብሎ ነበር።

ባለሙያዋ ለቅሷቸው እስኪበርድ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ «ስሙን መጥራት ለምን የከበደዎት ይመስልዎታል?» አለቻቸው።

«ሃያ ዓመት የምህረት እናት ነኝ። ገበያ፣ ለቅሶ፣ ቤተ ክርስቲያን... በሌላ ስም የሚያውቀኝ የለም። ምህረት ከሌለች እኔ ማን ነኝ?»

«ልጁ አለ፣ እናቴ። እርስዎም እናቱ ነዎት።»

ሲጨርሱ ጠሩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሰምተሃል፣ አይደል?»

«ሰምቻለሁ... ይቅርታ።»

«እንግዲህ ከሰማህ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚላክ አሳየኝ።»

የድምፅ መቅጃውን ተጫንኩላቸው። ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«ናቲ... እኔ ነኝ። የ... የናቲ እናት። ራስህን ያምሃል ብዬ ዋሸሁብህ፣ ይቅር በለኝ። የጓሯችን ሙዝ ደርሷል። ና አልልህም። ስልክ ብቻ አንሳ፣ ልጄ።»

ተላከ። ጠበቅን... ምንም የለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ስክሪኑን እያዩ ተቀመጡ፤ ሲጠፋ በጣታቸው እየነኩ ያበሩታል። እኔም አብሬ አየሁ። ደንበኛ መጥቶ «ዝግ ነው» አልኩት፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ።

ሲወጡ አንዲት የሚያውቋቸው ነጋዴ ከመንገድ ማዶ ጮኸች። «የምህረት እናት! ምህረት እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ ጌታ ይመስገን» አሉ። ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

ልጁ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠም። እኔም ሲቀላ ሳገኛቸው በየትኛው ስም እንደምጠራቸው እየጠፋኝ... እጃቸውን ብቻ አጥብቄ እጨብጣለሁ።