ጋሽ ኦሞድ ሆን ብለው ሲሳሳቱ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት... አስተርጓሚዬ ዋሹ።

ጤና ጣቢያው ግቢ፣ ማንጎው ሥር ነን። ልጆቻቸውን ተቅማጥ የያዛቸው እናቶች ተቀምጠዋል። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ አንጋፋው የጤና ረዳት ጋሽ ኦሞድ ወደ አኝዋክኛ ይመልሱታል። ጋምቤላ ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ነው የምንሠራው። ቋንቋውን እሰማለሁ። መናገር ግን... ይስቁብኛል ብዬ አፌ አይላቀቅም።

«ኦአርኤሱን የምትበጠብጡበትን ውሃ አፍሉት። ከቀዘቀዘ በኋላ ለልጁ ስጡት» አልኩ።

ጋሽ ኦሞድ ተረጎሙ። «እንደፈላ ስጡት።»

ጆሮዬ ይሆን?... «አቀዝቅዙት ይበሏቸው» ብዬ ደገምኩ። እሺ አሉና አሁንም «ትኩሱን!»

እኚህ ሰው ሲተረጉሙ ተሳስተው አያውቁም። ሰሞኑን ደግሞ ሳወራ አፌን አፌን ያዩኛል። ምን አድርጌያቸው ነው? ልጅ ቢቃጠል የምጠየቀው እኔ ነኝ። ይህን ያውቃሉ።

ከፊት የነበረችው እናት ልጇን አዝላ ተነሳች። መሄዷ ነው። ጋሽ ኦሞድ አያስቆሟትም። ሁሉም እኔን ያያሉ። ለምን እኔን?

«ቆይ! ትኩስ አይደለም! ቀዝቃዛ! ቀዝቃዛ!»

በአኝዋክኛ። ከእኔ አፍ።

ሴትየዋ ዞር ብላ ሳቀች። ግቢው ሁሉ ሳቀ። አንዷማ አነጋገሬን አስመስላ ደገመችው፣ እንደገና ተሳቀ።

«ጋሽ ኦሞድ፣ ሰው ሊገድሉ ነው እንዴ?» አልኩ።

«ተረጋጋ ሲስተር። እነሱ ያውቃሉ። አንተ ሳትመጣ ትክክለኛውን ነግሬያቸዋለሁ።»

በእሳቸው አማርኛ ሴትም ወንድም «አንተ» ነው።

ስለዚህ ሁሉም ያውቁ ነበር። ያቺ የተነሳችውም ጭምር። ከእኔ በቀር።

«ታዲያ ለምን?»

«አንተ ቋንቋ አለህ። ደብቀህ ነው። እኔ ስንት ዓመት ሴቱን 'አንተ' እላለሁ... ሰው ይስቃል። ሞትኩ?»



ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነው የማስተምረው። እናቶቹ ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ግን ይጠይቁኛል... ድሮ የሚጠይቁት እሳቸውን ነበር።

ትናንት ደግሞ ጋሽ ኦሞድ በሞተር ሳይክል ወደ አቦቦ ሲወስዱኝ መሃል መንገድ ላይ አቆሙ። እኔ ሞተር ነድቼ አላውቅም። «ቀኝ እጄን አሞኛል» አሉና ቁልፉን ዘረጉልኝ...

በቀኝ እጃቸው።