«ገበያ ሞቷል» ማለቴ ያመጣብኝ ጣጣ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ክረምት ነው። ዛሬም ሰው ሱቄ ገብቶ «ገበያ እንዴት ነው?» ሲለኝ፣ ከመመለሴ በፊት ግራ ቀኜን አያለሁ። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም አካባቢ የቀለምና የሴራሚክ ሱቅ አለኝ። በለሚ ኩራ በኩል ቤት የሚያስጨርስ ሁሉ በእኛ መንገድ ስለሚያልፍ እንጀራ አይጠፋም። ይህን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ነጋዴ ነኛ። ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ገበያ ሞቷል። ለጎረቤት ሞቷል፣ ለዕድር ሰብሳቢው ሞቷል፣ ለባለቤቴ ወንድም ለሱራፌልማ ከሞተ ከርሟል። ሱራፌል ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ጎድሎት «አበድረኝ» ብሎ የመጣ ጊዜ፣ ገበያው እንዴት እንደሞተ ሳስረዳው እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ሲወጣ ልጆቼን አንድ በአንድ ስሞ «አይዟችሁ» ብሏቸው ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደ በሬ እየዘለለ መጣ። እኔ ቦሌ ሚካኤል ለደንበኛ ዕቃ ላደርስ ሄጃለሁ። ስልኬ ጮኸ፤ ሐጂ ሸምሱ ናቸው። ሐጂ ከፊት ለፊቴ ሱቅ ያላቸው፣ የምሸጠውን ሁሉ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ደንበኛዬን ሲነጥቁ፣ እኔም የእሳቸውን ስነጥቅ ብዙ ዘመን ኖረናል።

«ደሳለኝ፣ ሱቅህ እየነደደ ነው። ቶሎ ና» አሉኝ።

ስደርስ የእሳት አደጋ ሰዎች አጥፍተውታል። ቀለሙ ጭስ ሆኗል፣ ሴራሚኩ ተሰነጣጥቋል። ሐጂ አሸዋ በባልዲ ሲያመላልሱ ነጭ ጀለቢያቸው ጥላሸት ሆኖ በሩ ላይ ቆመዋል።

አላለቀስኩም። ኢንሹራንስ ነበረኝ። በየዓመቱ እየተነጫነጭኩ የከፈልኩት ብር ዛሬ ሊሠራልኝ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ከኢንሹራንሱ አንድ ወጣት መርማሪ ታብሌቱን ይዞ መጣ። ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። ሰፈሩን ሲጠይቅ ዋለ። የተቃጠለውን ዕቃ የገዛሁበትን ደረሰኝ ኮፒ ከአስመጪዎቹ ሰብስቤ ሰጠሁት። ጥቂት ቆይቶ ደወለና የባንክ ስቴትመንት አምጣ አለኝ፤ የሱቁንም የግሌንም።

«የተቃጠለው ሱቄ ነው፤ ባንኩ አልተቃጠለም» አልኩት።

በእርግጥ የሚያሳፍር ነገር ኖሮኝ አይደለም። ግብሬን እከፍላለሁ። ግን እኛ ዘንድ ካፒታል እንኳን ለኢንሹራንስ ለሚስትም ተዘርዝሮ አይነገርም። ሰሚት ውስጥ ደግሞ ምስጢር ከታክሲ ቀድሞ ነው መገናኛ የሚደርሰው። እምቢ አልኩ። እነሱም በደብዳቤ እምቢ አሉኝ፤ የሂሳብ ሰነድ ስላላቀረብክ ካሳ የለህም።

ደሜ ፈልቶ ቢሯቸው ሄድኩ። ሱራፌልም «በዚህ ክፉ ቀንማ አልለይህም» ብሎ ተከተለኝ። መርማሪው ሱራፌልን ውጭ አስቀምጦ ምክንያቱን ቀስ ብሎ ነገረኝ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ «ከስሯል» ብሎ መስክሮብኛል። የከሰረ ነጋዴ ደግሞ ካሳ ለመብላት የገዛ ሱቁን ሊያቃጥል ይችላል። የባለቤቴ ወንድም ሳይቀር «እባካችሁ ቶሎ ክፈሉት፣ ምስኪኑ ልጆቹን የሚያበላው አጥቷል» ብሎ ለምኗቸዋል።

በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ይሏል ይህ ነው። ሱራፌል አዝኖልኝ ሊረዳኝ ብሎ ነው የቀበረኝ። ስቴትመንቱን ባወጣ በአንድ ቀን ነፃ እወጣለሁ። ግን ሱራፌል በሄድኩበት ቢሮ ሁሉ አብሮኝ ነው። ያንን ወረቀት በእሱ ፊት እንዴት ልዘርጋ? ባላወጣ ደግሞ ሱቄ ቀረ፤ ከዚያም ብሶ ቤት አቃጣይ የሚል ስም ይዤ ልቀር ነው።

ለኃላፊዎቹ ቅሬታ አስገባሁ። የቀጠሮው ቀን ቦሌ፣ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ላይ ወጣን። ቅሬታውን የምትሰማው ረጋ ያለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ሱራፌል አጠገቤ ተቀምጦ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል። መርማሪው «አንድ ምስክር አለኝ» አለና በሩን ሲከፍት፣ ሐጂ ሸምሱ ገቡ።

አለቀልኝ አልኩ። እኔ ካልከፈትኩ ያ መንገድ በሙሉ የእሳቸው ነው።

መርማሪው ጠየቃቸው፤ አቶ ደሳለኝ ገበያው እንደሞተ ነግሮዎት ያውቃል?

«በየቀኑ» አሉ ሐጂ።

መርማሪው ወደ ኃላፊዋ ዞሮ ፈገግ አለ። እሷ ግን ብዕሯን አስቀምጣ እርስዎስ ምን ይመልሱለታል አለቻቸው።

«እኔማ፣ ያንተ ሞቷል፣ የእኔ ተቀብሯል እለዋለሁ።»

ክፍሉ ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። ወደ መርማሪው ዞሩና እንደ ልጃቸው ይመክሩት ጀመር።

«ስማ ልጄ። ነጋዴ ገበያ ሞቷል ካለህ ሰላም ነው። ገበያው ሸጋ ነው ያለህ ዕለት ጠርጥር፤ ወይ ሱቁን ሊሸጥልህ ነው፣ ወይ ሊበደርህ ነው። ይሄ ሰውዬ እሳቱ በተነሳበት ሳምንት ሞቷል እያለኝ ሁለት አይሱዙ ሙሉ ሴራሚክ ሲያራግፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ተናድጄ እራቴን አልበላሁም። እውነት ከስሮ ቢሆን ኖሮ እኔ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

ተነስቼ ባጨበጭብ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ትከሻዬን ይመታኝ የነበረው እጅ እንደቆመ ተሰማኝ። ዞር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

ኃላፊዋ ወጥተን እንድንጠብቅ አደረገች። ኮሪደሩ ላይ ሐጂን ለምን እንዲህ እንዳደረጉልኝ ጠየቅኳቸው። «በሰው ላይ በሐሰት አልመሰክርም። ደግሞ አንተ ከሌለህ በማን ተናድጄ ልሥራ?» አሉኝ።

ተጠራን። የእሳት አደጋው ሪፖርት የመብራት ነው ይላል፣ የዕቃው ደረሰኝ ተሟልቷል አለች። የባንክ ሂሳቡ የተጠየቀው ከስሯል ስለተባለ ብቻ ነበር፤ ይህ ከወደቀ ሌላ ምክንያት የለም። ካሳው ይከፈል።

ሐጂን ዘልዬ አቀፍኳቸው። «ልቀቀኝ፣ ተፎካካሪህ ነኝ» አሉ።

እንግዲህ እዩት። ሱራፌል እንዳያይ ብዬ ሱቄን እስከማጣት የደበቅኩትን ወረቀት፣ ሐጂ በአንድ ትንፋሽ አንብበውለታል። ከቦሌ እስከ ሰሚት ሱራፌል በመኪናው መስኮት ውጭ ውጭውን እያየ ሄደ። ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስንታጠፍ ግን ቀስ ብሎ፣

«ጋሼ… ሁለት አይሱዙ?» አለኝ።

«አንዱ ሙሉ አልነበረም» አልኩት።

ሳቁ አፈነው። እኔም ሳቄ መጣና መኪናውን ዳር ይዤ አቆምኩት፤ ሁለታችንም እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ካሳው ሲገባ መጀመሪያ የወጣው የሱራፌል ቅድሚያ ክፍያ ነው። ብድር ነው ብዬዋለሁ።

ሱቄ ተከፍቷል፣ ሽቦውም በአዲስ ተቀይሯል። ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ደስታው እንደ አዲስ ይነዝረኛል፤ እፍረቱም ትንሽ ይቆነጥጠኛል። ሱራፌል አልፎ አልፎ ብቅ ሲል በር ላይ ቆሞ ሆን ብሎ፣ ጮክ አድርጎ «ጋሼ፣ ገበያ እንዴት ነው?» ይለኛል።

ባለፈው ሰሞን ምላሴን እንደምንም አሸንፌ «ደህና ነው» አልኩት።

ሐጂ ከማዶ ብድግ አሉ። «ደሳለኝ! ሱቁን ልትሸጠው ነው እንዴ?»