ጥርሳም ከፊት፣ ልሙጥ ከኋላ

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ነው። መንገዱ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ የጭቃ ቁልቁለት ስለሆነ ብስክሌት ጠጋኙን ጋሽ አያሌውን «ከፊት ጥርሳም፣ ከኋላ ልሙጥ ጎማ ይግጠሙልኝ» አልኳቸው።

ደንበኛው ሁሉ ሳቀብኝ።

«እቴ፣ በሬ እንኳ ሲጠመድ አቻ ይፈለግለታል! በዚህ ሳትወድቂ ከተመለስሽ ሪዜን እላጫለሁ» አሉ ጋሽ አያሌው፣ እንደ ቀንድ የቆመ ሪዛቸውን እየጠመዘዙ።

በማግስቱ ዝናብ ጣለ። የፊቱ ጎማ ጭቃውን እየነከሰ አወረደኝ፤ ስመለስ የኋላው በአስፋልቱ አስበረረኝ። ንጹሕ ነጭ ጋወኔን እያሳየሁ፣ ደወሌን እያቃጨልኩ በሱቃቸው ደጃፍ አለፍኩ።

ቅዳሜ ጎማ ላስነፋ ብሄድ፣ አንድ የማላውቀው ሰውዬ አጎንብሶ ለሌላ ብስክሌት ከፊት ጥርሳም፣ ከኋላ ልሙጥ ጎማ ይገጥማል።

«ጋሽ አያሌው የሉም?» አልኩት።

ቀና ብሎ የላይ ከንፈሩን በመዳፉ ሸፈነ።