ውሃ የጠማው ጋሪ

ባለፈው ሳምንት ላሊበላ ካለ አንድ ሎጅ ተጠራሁ። አረጋውያን ጎብኚዎች የሚጫኑበት የኤሌክትሪክ ጋሪ ዳገት እምቢ ብሏል። የሎጁ ወጣት ሠራተኞች ስልካቸውን እየጎረጎሩ ሞተሩን ሊፈቱ ደርሰዋል። «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ የባትሪውን ክዳን ክፈቱ» አልኳቸውና ተቀመጥኩ። ልቤ ግን እዚያ አልነበረም።

በደርግ ዘመን፣ ዝናቡ በቀረበት ዓመት፣ ጎረምሳ ሳለሁ የአንድ ሆቴል ጄኔሬተር ሠራተኛ ነበርኩ። አብያተ ክርስቲያናቱን ሊጠግኑ የመጡ ፈረንጆች ድንጋይ ያመላልሱበት የነበረውን የባትሪ ጋሪ ጥለው ሄደዋል። መኪናው ሁሉ ለጦርነቱ ስለተወሰደ፣ ከየገጠሩ ተሰዶ ዳገቱ ግርጌ የወደቀውን በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያው የማወጣው በዚያ ጋሪ ነበር። ቃሬዛ የሚሸከም ጉልበት ያለው ሰው አልነበረም፤ እኔም የምውለው በአንድ እፍኝ ንፍሮ ነው። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ገብሱ ቢጫ መሆን ሲገባው መሬቱ ራቁቱን ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሪው ዳገቱ መካከል ቆመ። ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል፤ ዳገት ሲይዝ ያቃስትና ቀጥ ይላል። ጎማውን አየሁ፣ ፍሬኑን ፈታሁ፣ የገመዶቹን ጫፍ ፋቅሁ። በመጨረሻ የባትሪዎቹን ክዳን ብከፍት ደርቀዋል። ፈረንጆቹ የተዉልኝ የባትሪ ውሃ አልቋል። ሲያልቅ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ጨምር ብለውኝ ነበር። ዝናቡ ከየት ይምጣ? የምንጭ ውሃ ደግሞ ጨው ስላለበት ባትሪ ይገድላል። ተናደድኩና ሰማዩን ሰደብኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ያኔ እትዬ ዘውዴ ትዝ አሉኝ። እዚያው ዳገቱ ግርጌ አረቄ እያወጡ የሚኖሩ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። እህል ከጠፋ ወዲህ ገንቦና መቃቸው ሥራ ፈትቷል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ፣ ለመዳር የደረሰችው እናኑ፣ በትኩሳት ወድቃ ጋሪውን ከሚጠብቁት አንዷ ነበረች።

«እትዬ፣ የምንጩን ውሃ እንደ አረቄ ያውጡልኝ» አልኳቸው።

«ውሃ ከውሃ? አብደሃል እንዴ አንተ ልጅ?»

«ጋሪው ዳገቱን የሚወጣው በሱ ነው።»

ሌላ አልጠየቁኝም። እንጨት ስላልነበረ የሟች ባላቸውን ሞፈር ፈልጠው አነደዱት። «በሬው እንደሁ የለ» አሉ። መጀመሪያ የወጣው አረቄ አረቄ ስለሸተተ ደፋነው፤ በዚያ ወራት ውሃ መድፋት አንጀት ይቆርጥ ነበር። ከዚያ ንጹሑ ጠብ ጠብ እያለ ወረደ።

ባትሪዎቹን ሞልቼ ቻርጅ ሳደርጋቸው ጋሪው ተነሳ። አንዱ ባትሪ ግን ጨርሶ ሞቷል። ሦስት ሰው ይጭን የነበረው አሁን የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ አንዴ ዳገቱን ከወጣም ቻርጅ ሲደረግ ማደር አለበት።

ከጤና ጣቢያው የወረደው የጤና ረዳት በሽተኞቹን እየዞረ አየና፣ «የሚተርፉት ይቅደሙ» አለ። አንድ ወጣት አባት አስጫነ።

«ጋሪው የሚሄደው በእትዬ ዘውዴ ውሃ ነው! እናኑ ትቅደም!» ብዬ ጮኽኩ።

«ታዲያ ማንን ላስቀር? አንተ ምረጥልኝ» አለኝ። የሰውየው ልጆች ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። የጋሪውን መሪ ያዝኩ።

እትዬ ዘውዴ የልጃቸውን ጭንቅላት እንደታቀፉ፣ «ነገ ታደርሳታለህ?» አሉኝ።

«አደርሳታለሁ።»

ጋሪው ዳገቱን ያለምንም ችግር ወጣ። በማግስቱ ለእናኑ ስወርድ ነጠላቸውን እስከ ፊቷ አልብሰዋታል። አጠገባቸው ቆሜ አለቀስኩ። «ሌላ ጫን፤ ሰው እየጠበቀህ ነው» አሉኝ።

የሎጁ ጋሪ ባትሪው ውሃ ተሞልቶለት በቀላሉ ተሠራ፤ ወጣቶቹ አጨበጨቡልኝ። የጤና ረዳቱ አልተሳሳተም፤ አባትየው ተርፎ ልጆቹን አሳድጓል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ አውቄም አላረፍኩም። እትዬ ዘውዴ ዛሬም በሕይወት አሉ። ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ይዘው ልጆቼን በየስማቸው እየጠሩ ደህንነታቸውን ይጠይቁኛል። እኔ መልሼ የምጠይቃቸው ልጅ የላቸውም።