በስድስተኛው ጥያቄ ላይ ያደረግሁት ምልክት

አከራዬ ተዘቅዝቆ የተቀመጠ ጽሑፍ ያነቡ ነበር። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ማስታወስ በነበረብኝ ቀን ግን ረሳሁት። የዚያን ቀን ንዴት እስካሁን አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ኤድመንተን ነው የምንኖረው፤ እሳቸው ሰፊዋን ክፍል ይዘው ጠባቧን ለእኔ አከራይተውኝ። እኔ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ፤ እሳቸው ሆስፒታል ውስጥ የሕመምተኛ አልጋ ሲገፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጋሼ እላቸዋለሁ። ለንደን ከመምጣታቸው በፊት አዲስ አበባ፣ ማተሚያ ቤት፣ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ በጣታቸው እየለቀሙ መስመሩን ገልብጠው ይደረድሩ ነበር። ስለዚህ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ግጥም ስሞክር ማዶ ተቀምጠው፣ ሻያቸውን እየጠጡ ያነቡብኛል።

«ሦስተኛው መስመር ላይ ቤት ለመምታት ብለህ ዋሽተሃል» ይሉኛል።

«ገና አልጨረስኩትም እኮ ጋሼ።»

«ሲያልቅማ ይብስበታል።»

ሐሳባቸው አገር ቤት ገብቶ መኖር ነበር። «እዚህ ጡረታዬ የሚያሞቀው ማሞቂያውን ነው፤ እኔን አይደለም» ይላሉ። ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ካለ ቆይቷል። አዲስ አበባ ታናሽ እህታቸው ከግቢያቸው ሰርቪስ ቤቱን አሳድሰው እየጠበቋቸው ነው። በለንደን የማታኖር ጡረታ እዚያ ታኖራለች። እዚያ ከሄዱ በኋላ በየዓመቱ ጡረታው ላይ የሚጨመረው እንደሚቀርባቸው እንኳ ጠይቀው፣ «ይቅር» ብለው ጨርሰዋል። የቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃድ። ፓስፖርታቸው የእንግሊዝ ነው። እንዲህ ላለ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ይሰጠዋል፤ ያለ ቪዛ ይገባል፣ የፈለገውን ያህል ይኖራል። ካርዱን ያላገኘ ቱሪስት ነው።

«አንተ አፕላይ አድርግልኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል» ብለው ወረቀቶቻቸውን በፌስታል አመጡልኝ። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ጸጉራቸው እንደ ጥላ ከከበባቸው ጊዜ የማተሚያ ቤቱ መታወቂያ። ከሁሉም ሥር ደግሞ አንድ ሰማያዊ ካርድ። የኤርትራ መታወቂያ ነበር።

የተወለዱት አስመራ ነው። በሁለት ዓመታቸው አባታቸው አዲስ አበባ አመጧቸው፤ ፊደል የቆጠሩትም፣ እንጀራቸውን ያገኙትም እዚያው ነው። እናታቸው ግን በስተርጅና ወደ አስመራ ተመለሱ፤ አገሩ ለሁለት ከተከፈለ በኋላም እዚያው አረፉ።

«ያለዚህ ካርድ ለአርባዋ አትደርስም አሉኝ ኤምባሲያቸው» አሉ ጋሼ። «እዚህ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ያለው የአስመራ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ነው ሄዶ ያወጣው። ሌላው እየተሳሳቀ ይሰለፋል፣ እኔ አለቅሳለሁ።»

ከፎርሙ ጋር የተያያዘው መመሪያ የኤርትራ ዜግነት የወሰደ ሰው ካርዱ አይሰጠውም ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመንግሥትን አዋጅ ከነነጠላ ሰረዙ በጣቱ የለቀመ ሰው፣ ለእናቱ ተዝካር በያዘው ካርድ ምክንያት ባዕድ ይባላል። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ፎርሙን ብቻዬን ሞላሁት። ስድስተኛው ጥያቄ ይህንኑ ይጠይቃል፤ አለ እና የለም የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉት። የለም ላይ ምልክት አደረግሁ። ጋሼ አምነውኝ ሳያነቡ ፈረሙ። ሰማያዊውን ካርድ ፍራሼ ሥር ሸሸግሁት።

እጄ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ራሴ ለንደን የቀረሁት በውሸት ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የታሰረው ወንድሜ ነበር፤ እኔ ያኔ ናዝሬት አክስቴ ቤት ኳስ እያየሁ ነበር። እዚህ ለጥገኝነት ስጠየቅ የእሱን እስር የእኔ አድርጌ፣ የተኛበትን ሲሚንቶ ሳይቀር ተናገርኩ። አመኑኝ፤ ወረቀት ሰጡኝ። ለጋሼ ይህን ገና እንደገባሁ ነግሬያቸዋለሁ። ሰምተው ሻይ ቀዱልኝ።

የኢትዮጵያ ኤምባሲ የሄድን ቀን ከመስታወቱ ወዲያ የነበረችው ወጣት ሴት ደግ ነበረች። የማተሚያ ቤቱን ፎቶ አይታ ፈገግ አለች። «ሁሉም ተሟልቷል አባባ» ብላ ፎርሙን ፊቷ ዘርግታ ማኅተሙን አነሳች። ያኔ ጋሼ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ። ዓይናቸው ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ አየሁት።

«ልጄ፣ ስድስተኛው ላይ ስህተት አለ።»

«የቱ አባባ?»

«የለም የሚለው። አለኝ። ለእናቴ አርባ ያወጣሁት ነው።»

«ተሳስተው ነው፣ ጆሯቸው ትንሽ...» አልኩ።

«ያነበብኩት በጆሮዬ አይደለም» አሉ።

ልጅቱ ማኅተሙን አስቀመጠች። እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየች። «አባባ፣ እንደገና ልጠይቅዎት? ረጋ ብለው ያስቡበት» አለች፤ ምን እየሰጠቻቸው እንደነበረ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

«አንድ ጊዜ ከተናገርኩ ይበቃል» አሉ ጋሼ።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ መለሰችልን።

አውቶቡስ ውስጥ መቻል አቃተኝ። «እርስዎን ማን ጠየቀዎት? ማኅተሙ እኮ እጇ ላይ ነበር!»

«አንተንስ ማን ጠየቀህ? የእናቴን አርባ የለም ብለህ ስትጽፍ?»

«ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ እንዲያርፉ ብዬ ነው።»

«ይገባኛል።»

«አይገባዎትም። እኔ ዋሽቼ እዚህ ተቀመጥኩ። እርስዎ እውነቱን ተናግረው በር ተዘጋብዎት። የማን ሕግ ነው ይኼ?»

«ድምፅህን ቀንስ። ሾፌሩ ቢያወርደን በእግር ነው፤ ጉልበቴን ታውቀዋለህ።» ከዚያ በመስኮት እያዩ፣ «አንተን በዚያ ፈርጄብህ አላውቅም» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከወር በኋላ የቱሪስት ቪዛ ፎርም ሞላን። ሦስት ወር ይኖሩና ይወጣሉ፤ አቅም ሲገኝ ደግሞ እንደገና። በዚህ ጊዜ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ እሳቸው ማዶ ተቀምጠው ነው የሞላሁት።

«የጉዞው ዓላማ ይላል። ንግድ፣ ስብሰባ፣ ጉብኝት።»

«ለመኖር የሚል ሳጥን የለውም?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ጉብኝት በል።»

«ምንድን ነው የሚጎበኙት?»

«ሰርቪስ ቤቱን። ቀለም ተቀብቷል አሉ።»

ምልክቱን ሳደርግ ብዕሩ ወረቀቱን በሳው። «ቀስ በል፣ ወረቀቱ ምን አደረገህ» አሉና ከማዶ ሆነው እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡት። በዚያ ፎርም ላይ ውሸቱ ጉብኝት የሚለው ብቻ ነበር። በአምስተኛው ቀን ቪዛው ተመትቶ መጣ።