ከቀኝ የሚገለጠው ጀግና

ወንድሜ ዓብዱልመጂድ ፈረንሳዮች ይገዟት በነበረችው ወደብ ከተማችን፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ይሸጣል። ፂሙ ሸብቷል፣ የልጆች አባት ነው። ይኸው ሰው ቀትር ላይ ሙቀቱ ሱቅ ሲያዘጋ፣ ጫት ከሚቅሙት ጓደኞቹ ተነጥሎ የልጆች የሥዕል መጽሔት ያነባል። ማንበብ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። አንዱን ቁጥር በጨረሰ ቁጥር ደብተር ያወጣና እንደ ፈረንሳይኛ አስተማሪዎቻችን ከሃያ ነጥብ ይሰጠዋል። «ቁጥር 7፦ ጀግናው መርከብ ሲያነሳ እግሩ ምን ላይ እንደቆመ ሠዓሊው ረስቶታል። ከሃያ ዘጠኝ።» እኔ እህቱ ናዒማ፣ ለደንበኛ እንዲህ ብትጠነቀቅ የት በደረስክ እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

መጽሔቶቹን ያመጣልን ከድሬዳዋ የመጣው አባታችን ነው። ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንሳዮች የተዉት ዕቃ ቡላኦስ ሰፈር ሲሸጥ አግኝቶ ገዛቸው፤ ሃያ አራት ቁጥር፣ ሁሉም ስለ አንድ ካባ ለባሽ በራሪ ጀግና። ያኔ ዓብዱልመጂድና ታናሹ ዘይድ የሚያውቁት የቁርኣን ቤቱን ንባብ ብቻ ስለነበር መጽሔቱን ከቀኝ ገለጡት። ማንም አላረማቸውም። ሥዕሎቹን እያዩ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው ሄዱ። በእነሱ ንባብ ጀግናው ብቻውን ሰማይ ላይ ይጀምርና፣ ተዋግቶ ተዋግቶ፣ ሁልጊዜ እናቱ ደጃፍ ላይ እጇን ዘርግታ ስትቀበለው ያልቃል። ጉዱ የወጣው ትምህርት ቤት ገብተው ፈረንሳይኛ ሲማሩ ነው። ለካ እናትየዋ እየተቀበለችው ሳይሆን እየሸኘችው ነበር። ዓብዱልመጂድ አፍሮ ወዲያው ታረመ። ዘይድ ግን የእኛው ይሻላል ብሎ ድርቅ አለ፤ ጎልምሰውም በዚሁ ይጨቃጨቁ ነበር።

በፈረንጆቹ 1999 ዘይድ ለሥራ ወደ ዓደን ሲሻገር የመጨረሻውን፣ ሃያ አራተኛውን ቁጥር ሻንጣው ውስጥ ሸጉጦ ሄደ። ስመለስ አመጣዋለሁ አለ። አሥራ ስድስት ዓመት በየኢዱ እየደወለ ይህንኑ አለ። በ2015 የየመን ጦርነት ሲብስ መደወሉ ቀረ፣ ስናደውልም ስልኩ አይሠራም። ወንድሜ ደብተሩን የገዛው ያን ጊዜ ነው፤ ዘይድ ሲመጣ የምንከራከርበት ይኑረን አለኝ። ይህን እያወቅኩ ማብሸቄን አለመተዌ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሃያ ሦስቱን ጨርሶ እንደገና ከአንድ ጀመረ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሳለ፣ የምስራች የምትባል ኢትዮጵያዊት ከዓደን በጀልባ ተመልሳ ሱቃችንን እያጠያየቀች መጣች። እዚያ የዘይድ ጎረቤት ነበረች። በፌስታል የተጠቀለለ መጽሔት ባንኮኒው ላይ አኖረች። ዘይድ በጥይት ቆስሎ ሦስት ቀን ቆይቶ እንደሞተ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እንደቀበረው ቀስ ብላ ነገረችን።

«ለወንድሜ ስጪልኝ አለኝ። ከኋላ ጀምሮ ያንብበው ብሏል፤ እኔ ነገሩ አልገባኝም» አለች።

ዓብዱልመጂድ ለቀስተኛው እስኪበተን ድረስ መጽሔቱን አልነካውም። ከዚያ አንድ ቀትር ሱቁን ዘግቶ ተቀመጠና ከቀኝ ገለጠው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። እንዳያልቅበት የሚሳሳ ይመስል ገጾቹን ቀስ እያለ ነበር የሚያገላብጠው። የመጨረሻው ሥዕል ላይ ሲደርስ ጣቱን እናትየዋ እጅ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

ደብተሩን በኋላ ሰርቄ አየሁት። ነጥብ አልሰጠም። «ቁጥር 24፦ ቤቱ ገባ» ይላል።